በሽቦው ማዶ የነበረው እጅ

ልጆቹ ናቸው ያስጀመሩኝ። የልጅ ልጆቼ ናቲና ሜሮን ባለፈው እሁድ ግራና ቀኜ ቁጭ ብለው፣ «እማማ፣ ፖሊስ የያዘሽን ቀን ንገሪን» አሉኝ። ማን ነገራችሁ ብላቸው ተያይተው ተሳሳቁ። እናታቸው ናት እንጂ ማን ሊሆን። «በአፌ ብነግራችሁ መሃል ላይ ስልካችሁን ታያላችሁ። እጽፈዋለሁ» አልኩ። ናቲ፣ «አንቺ ጽፈሽ እስክትጨርሺ እኛ እንመረቃለን» ብሎ ሳቀብኝ። ሜሮን ደግሞ፣ «ተዋት ትጻፈው፣ እኔ ፖስት አደርግላታለሁ» አለች። ይኸው ጀመርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ሃምሳን ካለፍኩ በኋላ ስለሆነ እጄ ቀስ ይላል። ወዲያ ወዲህ ካልኩባችሁም ታገሱኝ፤ ስናገርም እንደዚሁ ነኝ።

ስሜ ለተብርሃን ነው። ከማይጨው የመጣሁት በልጅነቴ ነው። ቦሌ ሚካኤል ከቤተክርስቲያኑ ወረድ ብለው ያሉት ጋራዦች ግን ስሜን አይጠሩም፤ «እማማ መስታወት» ነው የሚሉኝ። ሥራዬ ከመኪና ላይ መስታወት ማውጣት ነው። መግጠሙንም እችላለሁ፤ መግጠም ግን ብዙ ሰው ይችላል። ጭንቁ ሳይሰነጠቅ ማውጣቱ ነው።

ሥራውን የተማርኩት ከባለቤቴ ከገብረመድህን ነው፤ ነፍሱን ይማረው። ምሳውን ሳደርስለት አብሮት የሚሠራው ሰው ታሞ ቀርቶበት አገኘሁት። «አንቺ ትንሽ ነሽ፣ ውስጥ ትገቢያለሽ። ነይ ያዥልኝ» አለኝ። ምሳው ቀዘቀዘ፤ እኔም በዚያው ቀረሁ።

ያኔ መስታወት የሚያዘው በጎማ ነበር። የጎማውን ከንፈር በካራ መቁረጥ፣ ወንበሩ ላይ በጀርባ መተኛት፣ በሁለት እግር ቀስ እያሉ መግፋት። እንደ ልጅ ይወለድ ነበር ስላችሁ። ገብረመድህን ውጭ ሆኖ በሁለት እጁ ይቀበለኛል። በኋላ የመጡት መኪናዎች ግን መስታወታቸው በሙጫ የተጣበቀ ነው፤ በእግር ብትገፉት እግራችሁ ይሰበራል እንጂ እሱ አይወጣም። ለእነዚህ ሽቦ ነው። መጀመሪያ የዝናብ መጥረጊያዎቹ ይፈታሉ፣ ዙሪያውን ያለው ጌጥ ይነሳል፣ ከውስጥም ክሩስኮቱ፣ ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ፣ እንዳይጫር ካርቶን ይነጠፍበታል። ከዚያ በረጅም ወስፌ ሙጫው ይበሳና ቀጭን ጠንካራ ሽቦ ይሾልካል። የሽቦው ሁለቱ ጫፎች በእንጨት መያዣ ላይ ይጠቀለላሉ። አንድ ሰው ውስጥ፣ አንድ ሰው ውጭ። አንዱ ሲስብ ሌላው ይለቃል፣ ሌላው ሲስብ አንዱ ይለቃል፤ ሙጫው እንደ አይብ እየተቆረጠ ይሄዳል። ከቸኮላችሁ ሽቦው ይግልና ይበጠሳል። ጥግ ላይ ከተሳሳታችሁ መስታወቱ ጧ ይላል፣ አበቃ። በመጨረሻ ሁለት የጎማ መምጠጫ ይለጠፍበትና እንደ ትሪ ይነሳል።

አንድ ልማድ ነበረን፤ ገብረመድህን ያስለመደን ነው። ሽቦው ከመሳቡ በፊት ውጭ ያለው ሰው መስታወቱን በጣቱ ሁለት ጊዜ ያንኳኳል። «ያዝሽ?» ማለቱ ነው። ውስጥ ያለው አንድ ጊዜ ያንኳኳል። «ያዝኩ።» ካልተመለሰለት አይስብም። ይስቅ የነበረ ሰው ሁሉ በኋላ ገባው፤ ጣቱን ሽቦ ውስጥ ጥሎ የተሳበበት ሰው አለና።

ሌላ ሕግም ነበረው፤ ሊብሬ ሳይታይ መስታወት አይነካም። የማን መኪና እንደሆነ ሳናውቅ አንድ ቡሎን አንፈታም ነበር። ሊብሬውን የሚያነበው እሱ ነው። እኔ ማህተሙን አያለሁ።

ገብረመድህን ሲሞት ውጭ የሚቆመው ታደሰ ሆነ። ታደሰ አብሮት የሚሠራ፣ የልጄን የሰላምን ክርስትና ያነሳ፣ አበልጄ ነው። አበልጅ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም፤ ከወንድም በምን ያንሳል? አስራ አንድ ዓመት ሽቦ አብረን ሳብን። ሊብሬም እሱ ያነብልኝ ጀመር። ደንበኞች ቁልፋቸውን ለእኔ ትተው ይሄዱ ነበር፤ አንገቴ ላይ በክር አንጠለጥለዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን አምስት ስድስት ቁልፍ ደረቴ ላይ እየተንቃጨለ እውላለሁ። ንብረቴ ይኼው ነበር፤ ሰው ቁልፉን የሚሰጠኝ መሆኔ። ሌላ ያፈራሁት ነገር የለም።

ፖሊስ በያዘኝ እሁድ ከቅዳሴ ወጥቼ ነጠላዬን እንዳደረግኩ ታደሰን ቤቴ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«አበልጄ፣ አንዲት ሥራ አለች።»

«ዛሬ እሁድ ነው ታዴ።»

«እሱማ ጠፍቶኝ ነው? ነገ በጠዋት ቀጥቃጭ ይመጣል። ጣሪያው ላይ ቅርንጫፍ ወድቆበት ላሜራው ገብቷል። መስታወቱ ዛሬ ካልወጣ ሰውየው ጉድ ይሆናል። አንቺን ካላመጣህ ብሎ ለምኖኛል።»

«እኔን በስም ያውቀኛል?»

«ማን የማያውቅሽ አለ? ደግሞ መስታወቱ ሰንጠቅ ብላለች፤ ሌላ ሰው ከነካት ትበተናለች።»

ደስ አለኝ። ይኼንን ልደብቃችሁ አልችልም፤ ደስ አለኝ። ነጠላዬን አስቀምጬ የሥራ ሽርጤን ያዝኩ።

በሰው መኪና ነው የመጣው። በገርጂ አድርገን ወደ ጎሮ ወጣን። መንገድ ላይ ስለ ሰላም ጠየቀኝ፤ «ልጄ አረገዘች አሉ፣ ለእኔ ሳትነግረኝ?» ብሎ ተቆጣ። «ወንድ ከሆነ በስሜ ነው የምትጠራው፣ ንገሪያት» አለ። «አንተን የመሰለ ሰነፍ ስም ምን ያደርግላታል» አልኩት። ሳቅን።

የደረስንበት ግቢ በቆርቆሮ የታጠረ፣ መሃሉ ላይ ተጀምሮ የቀረ ቤት ያለበት ነው። ምሰሶዎቹ ላይ ፌሮው ወደ ሰማይ እንደቆመ ነው። ሰው የለም። ከምሰሶው አጠገብ አንዲት ብርማ ቪትዝ ቆማለች። የፊት መስታወቷ በሙሉ በሳሙና ውሃ ጋዜጣ ተለጥፎበታል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«እንዳትበተንብሽ ብዬ ጠዋት ለጠፍኩት። ፊትሽ ላይ ብትመጣስ?»

እንዲህ እናደርጋለን፣ እውነቱን ነው። የተሰነጠቀ መስታወት ላይ ጋዜጣ ይለጠፋል። ጣሪያውን በመዳፌ ዳበስኩት። አንዲት ጎድጓዳ አለች፤ የሻይ ማንኪያ ታህል።

«ላሜራው ገባ ያልከኝ ይቺ ናት?»

«ባለመኪናው ቅንጡ ነው እኮ አበልጄ፤ አንዲት ጭረት እንቅልፍ ትነሳዋለች።»

«ሊብሬውስ?»

ከደረት ኪሱ አወጣ፣ ገለጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገና አነበበልኝ፤ የሰውየውን ስም፣ የመኪናዋን ዓይነት፣ ቀለሟን ሳይቀር። አንገቴን ሰግጌ አየሁ። ማህተሙ ክብ ነው፣ ሰማያዊ ነው፣ ደህና ነው። «ይሁን» አልኩ። ሊብሬውን ኮፈኑ ላይ አስቀምጦ ድንጋይ ጫነበት።

ገባሁ። ጋዜጣው ብርሃኑን ስለከለለው ውስጡ ቡናማ ነበር፤ ሙቀቱም ከባድ። ወስፌዬን ሰካሁ፣ ሽቦውን አሾለኩለት፣ ሲቀበለኝ ተሰማኝ። ሁለት ጊዜ አንኳኳ። አንድ ጊዜ መለስኩ።

የታዴን አሳሳብ በጨለማ ውስጥ ከሺህ ሰው እለየዋለሁ። ረጅም ይስብና መጨረሻው ላይ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ልክ እንደሚያስነጥስ ሰው። የታችኛውን ጠርዝ ጨረስን። የግራውን ጥግ ቀስ ብለን፣ በሳሙና ውሃ እያራስን ዞርን። ወደ ላይ መውጣት ጀመርን። እኔም እንደ ልማዴ መዝሙር እያንጎራጎርኩ ነበር።

ከዚያ ሽቦው ቆመ።

ስቤ ለቀቅኩ፤ መልስ የለም። እንደገና ሳብኩ። ሽቦው ተወጥሯል፣ ግን አይሄድም፣ አይመጣም። «ታዴ?» አልኩ። «ላብህን እየጠረግክ ነው?» አንድ ጊዜ አንኳኳሁ። ምንም።

ሰው የያዘው ሽቦ ይተነፍሳል። ሰውየው ዝም ብሎ ቢቆም እንኳ ደሙ በሽቦው ይመጣል፤ ይኼ የሚገባው ሥራውን ለሠራ ነው። ያ ሽቦ አይተነፍስም ነበር። እጄ አውቆታል፤ ልቤ ግን እምቢ አለ። ሽንት ቤት ሄዶ ነው፣ ስልክ ተደውሎለት ነው፣ እያልኩ ምክንያት ፈለግኩለት። ሽቦ ውጥረቱ ሲላላ ይታጠፍና ጥግ ላይ ይሰበራል፤ መስታወቱም ይሄዳል። ስለዚህ ይዤ ቆየሁለት። ላቤ ዓይኔ ውስጥ እስኪገባ። ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይኼ ነው፤ ሰውየው ጥሎኝ ሄዷል፣ እኔ ሥራው እንዳይበላሽበት ሽቦውን ይዤለታለሁ።

የእግር ኮቴ ሰማሁ። መስታወቱ ሁለት ጊዜ ተንኳኳ።

«ያዝኩ!» ብዬ በደስታ አንኳኳሁ።

ጋዜጣው ከውጭ ሸርተት ብሎ ተቀደደ። በቀዳዳው የገባው ፊት የታዴ አልነበረም። የፖሊስ ኮፍያ ነው ያየሁት።

«ውጪ! እጅሽን አሳዪ!»

«ታዴን ጥራልኝ ልጄ።»

«የያዝሽውን ልቀቂ እኮ ነው የምልሽ!»

«ብለቀው ይታጠፋል። ታዴ የታለ?»

«ታዴ የሚባል ሰው እዚህ የለም። ብቻሽን ነሽ። ውጪ!»

ጋዜጣው ሲላጥ መስታወቱን በጸሐይ አየሁት። አንዲት ስንጥቅ የለችበትም። ወጣሁና ሽቦውን ተከትዬ ወደ ማዶ ተመለከትኩ። የታዴ የእንጨት መያዣ ከምሰሶው በወጣው ፌሮ ላይ ሦስት ዙር ተጠምጥሞ፣ በገመድ ጠብቆ ታስሯል። ስስብ የነበረው ከብረት ጋር ነው።

ሌላው ፖሊስ ከኮፈኑ ላይ ሊብሬውን አንስቶ አነበበና ለጓደኛው አሳየው።

«መኪናዋ በሕጋዊ መንገድ ነው የመጣችው» አልኩ። «ሊብሬውን አይቻለሁ።»

«አይተሽዋል?»

«አይቻለሁ። ማህተም አለው።»

«ይኼ እኮ የሞተር ሳይክል ሊብሬ ነው እናት።»

ሳቁ። ክፉ ልጆች አልነበሩም፤ የሚያስቅ ነገር ስለሆነባቸው ነው። እኔ ግን ከመያዙ በላይ ሳቁ ነው አጥንቴ የገባው። አስራ አንድ ዓመት «ይኸው አበልጄ፣ ስሙ እንዲህ ይላል» እያለ ያነበበልኝን ሁሉ በዚያች ቅጽበት አሰብኩ። ስንቱ እውነት ነበር?

ጣቢያ ወሰዱኝ። መኪናዋ ከሃያ ሁለት አካባቢ ከቆመችበት የተሰረቀች ኖራለች። መርማሪዋ ሳጅን ዘነበች የምትባል፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። የታዴን ስልክ ነገርኳት፤ ደወለች፤ ዝግ ነው። ደግማ ደወለች።

«አንድ ነገር ደርሶበት እንዳይሆን» አልኳት። «መትተው ወስደውት ቢሆንስ? እሱን ፈልጉልኝ።»

ብዕሯን አስቀመጠችና አየችኝ። «እማማ፣ እርስዎ ታስረው ነው ለእሱ የሚጨነቁት?»

«አበልጄ ነው።»

ብዕሯን መልሳ አነሳች።

ከሰዓት በኋላ የመኪናዋ ባለቤት መጣች። ኦሎምፒያ ቢሮ የምትሠራ፣ የሰላም እኩያ የምትሆን ሴት። ጮኻ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብላ፣ «እናቴን ሆስፒታል የማመላልስባት መኪና ናት። በዚህ ዕድሜሽ?» አለችኝ። አንገቴ ላይ ሁለት የደንበኛ ቁልፍ ተንጠልጥሎ ነበር። ዓይኗ እሱ ላይ ሲያርፍ አየሁ። በእጄ ሸፈንኩት። አንድም ያልሰረቅኩ ሰው የራሴን አንገት እንደ ሌባ ደበቅኩ።

ሰላም እያለቀሰች መጣች። «የክርስትና አባቴ ይመጣል፣ ይነግራቸዋል» አለችኝ። እኔም አምኜ ነበር።

እውነትም ሰኞ ጠዋት መጣ። ማንም ሳያመጣው፣ ጥሩ ኮት ለብሶ፣ ጺሙን ተላጭቶ። ከወንበሬ ተነሳሁ። «ይኸው መጣ!» አልኩ ለሳጅኗ። እሱ ግን ከእኔ አጠገብ አልተቀመጠም።

«እኔ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሽቦ ነክቼ አላውቅም» አለ። «ወገቤን ያመኛል። እሷ ብቻዋን ነው የምትሠራው። በሰፈሩ መስታወት ሳይሰነጠቅ የሚያወጣ ከእሷ ሌላ የለም፤ ማንንም ጠይቁ።»

እዩት እንግዲህ። ሙያዬን አመሰገነልኝ። በዕድሜዬ ሙሉ ከአፉ እንዲወጣ የምመኘውን ምስጋና፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ እኔን አሰረበት።

«ታዴ» አልኩት።

ወደ እኔ ዞረ። ድምጹ ለስላሳ ነበር። «አበልጄ፣ እውነቱን ንገሪያቸውና ይቅለልሽ።»

ሳጅኗ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየች። ያኔ ነው ከየት እንደመጣ የማላውቀው ነገር በአፌ የወጣው። «ሽቦ በአንድ ሰው አይሠራም። መኪናዋ ጋ ውሰዱኝ፣ አሳያችኋለሁ» አልኩ።

መኪናዋ ጣቢያው ግቢ ቆማለች። ሽቦው እንዳለ ሙጫው ውስጥ ነበር፤ መያዣው ከፌሮው ተፈትቶ ውጭ ተንጠልጥሏል። ለሳጅኗ በጣቴ አሳየኋት። የታችኛው ጠርዝ ተቆርጧል፣ የግራው ጥግ ተቆርጧል፣ ወደ ላይ አንድ ክንድ ያህል ሄዷል። ከዚያ በኋላ ያለው ሙጫ እጅ እንዳልነካው ሙሉ ነው። «እስከዚህ ሁለት ሰው ነበርን። ከዚህ በኋላ እኔና ብረቱ ነን» አልኩ።

«ምናልባት እያሰሩ ብቻዎን ሠርተውት ይሆናል» አለችኝ። ልክ ናት፤ መጠየቅ ሥራዋ ነው።

«እሰሩትና ሳቡት።»

አንዱ ፖሊስ መያዣውን የብረት አጥር ላይ አሰረው፤ እሷ ራሷ ገብታ ሳበች። ጉልበት ነበራት። ሽቦው ጭራሽ አልነቃነቅ አለ። ላቧን ጠርጋ ወጣች። ከዚያ ወደ ታዴ ሄዳ መያዣውን ሰጠችው።

«እስቲ እርስዎ ይያዙላቸው።»

«እኔ ትቼዋለሁ እኮ አልኩሽ።»

«ግድ የለም፤ አይችሉም አይደል? ያዝ ብቻ ያድርጉ።»

እኔን ወደ ውስጥ አስገቡኝ። ጋዜጣ የለም፤ በመስታወቱ ውስጥ ፊት ለፊት ተያየን። ዓይኑን ሰበረ። መያዣውን እንደማያውቅ ሰው በመዳፉ ጨበጠው፣ አጣመመው፣ «እንዲህ ነው?» አለ። ትወናው ደህና ነበር። እኔም የእኔን መያዣ አነሳሁ። ሽቦው ተወጠረ።

እንግዲህ እጅ የራሱ ትዝታ አለው። ታዴ ሽቦው ሲወጠር ተሰማው፤ ቀኝ እጁ መያዣውን ሳይለቅ ግራ እጁ ተነሳና፣ ራሱም ሳያውቀው፣ መስታወቱን በጣቱ ሁለት ጊዜ አንኳኳ።

ቋ፣ ቋ።

ሳጅኗ ከጎኑ ነበረች።

«ምንድን ነው ያንኳኩት?»

ታዴ ጣቱን አየው። የሰው ጣት እንዳየ ሰው።

«እማማ፣ ምን ማለት ነው?» አለችኝ።

«‹ያዝሽ?› ማለት ነው» አልኳት። «እኔ አንድ ጊዜ አንኳኩቼ እስክመልስለት አይስብም። አስራ አንድ ዓመት ስመልስለት ኖሬያለሁ።»

ያን ቀን አልመለስኩለትም። እጄን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። እሱ ቆሟል፣ እኔ ተቀምጫለሁ፣ መካከላችን አንድ ንጹህ መስታወት አለ፤ እንደዚያን ቀን በደንብ አይቼው አላውቅም። እንባዬ የመጣው ያኔ ነው። ነጻ ልወጣ መሆኑ ገብቶኛል። ያለቀስኩት ግን ለዚያ አይደለም። ይኼ ሰው ሊያስረኝ ሲመጣ እንኳ እጁ ስለ እኔ ጣት መጠንቀቁን አልረሳም፤ እሱ ነው ያስለቀሰኝ።

እኔን ለቀቁኝ። እሱን አስቀሩት። ከእነማን ጋር እንደሆነ፣ ስንት መኪና እንደነካ እዚህ አልዘረዝረውም፤ ፍርዱን አግኝቶ ታስሮ ወጣ። ከወጣ በኋላ ሽማግሌ ላከብኝ። ሽማግሌዎቹ «ፖሊሶቹ ከሩቅ ሲመጡ አይቶ ደንግጦ ነው የሸሸው። የልጆች አባት ነው፣ ጣቢያም የዋሸው በፍርሃት ነው» አሉኝ። ሽቦውንስ ለምን አሰረው አልኳቸው። «እንዳትጮሂበትና እንዳይያዝ» አሉ። አሰብኩበት። ፍርሃት የማያውቀው ሰው የለም። እኔም ቁልፎቹን በእጄ ሸፍኜ የለ? «ለፍርሃቱ ይቅር ብዬዋለሁ» አልኩ። እግዚአብሔር ይስጥሽ ብለው ሄዱ። ቤቴ ግን እንዳይመጣ ለመንኳቸው። ሰላም ወንድ ልጅ ስትወልድ በስሙ አልተጠራም።

ሰፈሩስ? ደንበኞቼ ግማሾቹ ተመለሱ፣ ግማሾቹ አልተመለሱም። «ሰው ተሳስቶ ነው» ብለው የተመለሱትም ቢሆኑ ቁልፋቸውን ይዘው ቆመው ይጠብቁ ነበር። አልፈርድባቸውም። አንገቴ ቀለለ፤ ቀሎ አያውቅም ነበርና ብዙ ጊዜ እየዳበስኩ እፈልገው ነበር።

ፊደል የጀመርኩት ከጣቢያ በተለቀቅኩበት ሳምንት ነው። ሰላም እርጉዝ ሆና አልጋ ላይ ጋደም ብላ ታስቆጥረኛለች፣ እኔ መሬት ተቀምጬ እጽፋለሁ። ልጁ ሲወለድ «ሀ»ን ጨርሼ «ለ»ን፣ «ሐ»ን አልፌ ነበር። መጀመሪያ ብቻዬን ያነበብኩት ነገር መጽሐፍ አይደለም፤ የአንድ ደንበኛ ሊብሬ ነው። ሰውየው ቸኩሏል፣ እኔ በጣቴ እየተከተልኩ አነባለሁ። «እማማ፣ ይመሻል እኮ!» አለኝ። «ይምሽ» አልኩት።

አሁን ደግሞ ከውጭ የመጣ አዲስ መሣሪያ አለ። በመምጠጫ ከውስጥ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል፣ ሽቦውን እንደ ክር ማጠንጠኛ ይጠቀልለዋል፤ አንድ ሰው ብቻውን ይሠራበታል። በእሱ ነው የምሠራው። ጎበዝ ነው፤ አይደክምም፣ አይዋሽም። ሜሮን «ታዲያ ይሻላል አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። ይሻላል ልጄ። ግን አያንኳኳም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምክር የምሰጥ ሴት አይደለሁም። ሰው አትመኑ አልላችሁም፤ እኔ ራሴ አልቻልኩበትም። ማንበብ የሚችል ሰው አጠገባችሁ ስላለ ብቻ የራሳችሁን ዓይን አታሳርፉት፤ ይኼን ልበላችሁ። ሥራም ቢሆን ፍቅርም ቢሆን፣ አብሯችሁ የሚስበውን ሰው ፊት የሚጋርድ ነገር ካለ ሳትጀምሩ አንሱት። እኔ ጋዜጣውን ከጥጉ ትንሽ ልላጠው አስቤ ነበር። ክፉ እንዳይመስለው ብዬ ተውኩት።

ለፍርሃቱ ይቅር ባልኩት ልቤ ብዙ ዓመት በሰላም ኖርኩ። ዓምና ነው ሳጅን ዘነበች የፊት መስታወቷ በጠጠር ተመትቶባት ጋራዡ የመጣችው። ከፖሊስነቱ ወጥታለች፤ ሸብታለች። ተሳሳምን። መስታወቱን እያወጣሁላት ወሬ ጀመርን፤ ስለ ታዴ አነሳች፣ እኔም ይቅር እንዳልኩት ነገርኳት፤ ፖሊስ አይቶ ስለደነገጠ እንጂ ክፋት እንዳልነበረው።

ወደ እኔ ዞራ፣ «እማማ፣ አልነገሩዎትም ማለት ነው?» አለች። «ጥቆማ ደርሶን ነው እዚያ ግቢ የሄድነው። ማን እንደደወለ የታወቀው ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ ነው። የደወለው ታደሰ ነበር። ስምዎን ከነአባትዎ ተናግሮ፣ የምትፈልጉት የመኪና ሌባ እሷ ናት፣ ነገ ከቅዳሴ መልስ መኪናው ውስጥ ታገኟታላችሁ አለን። የደወለው ቅዳሜ ነው።»